ቃሉማ አለ

እ.ኤ.አ. በ2020 አጋማሽ ላይ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም በአንድ ቃል ተቆጣ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ቃሉ «ኢሪጋርድለስ» ነው፤ «ምንም ይሁን ምን» እንደማለት ነው። ለዚህ ትርጉም «ሪጋርድለስ» የሚል ቃል አስቀድሞ አለ፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ለስ» የሚለው ባዕድ መድረሻ ራሱ አሉታን ይገልጻል። ሰዎች ከፊቱ «ኢር» የሚል ሌላ የአሉታ መነሻ ሲጨምሩበት ሁለት አሉታ በአንድ ቃል ላይ ተደረበ። ይህ ቃል ሜሪያም ዌብስተር በተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንዳለ ሲወራ፣ መዝገበ ቃላቱ ለመሃይማን እጁን ሰጠ፣ ቋንቋው አለቀለት የሚል ጩኸት ተነሣ። ጩኸቱ ግን እጅግ የዘገየ ነበር። ቃሉ እዚያ መዝገብ ውስጥ የገባው በ1934 ነው፤ ታትሞ የተገኘው ደግሞ በ1795።

ያው የ1934 እትም «ዶርድ» የሚል ቃልም ይዞ ነበር። ትርጉሙ «እፍግታ» ተብሏል፤ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቃል መሆኑ ተመልክቷል፤ አነባበቡም ተጽፎለታል። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1931 የመዝገበ ቃላቱ የኬሚስትሪ አዘጋጅ፣ «ዲ» የምትባለው የላቲን ፊደል በትልቁም በትንሹም ስትጻፍ እፍግታን በምሕጻር እንደምታመለክት ለመግለጽ በአንዲት ካርድ ላይ «ዲ ኦር ዲ» ብሎ ጻፈ፤ «ትልቋ ዲ ወይም ትንሿ ዲ» ማለቱ ነው። ካርዷ ወደ ምሕጻረ ቃላቱ ክምር መሄድ ሲገባት ከቃላቱ ክምር ገባች። በመካከል የነበረው ክፍተት ተዘለለና አራቱ ፊደላት እንደ አንድ ቃል ተነበቡ። አራሚው አለፈው፤ የአነባበብ ባለሙያው ድምፁን ወሰነለት፤ መጽሐፉ ታተመ። በ1939 አንድ አዘጋጅ ምንጩ ያልተጠቀሰለት ቃል ሆኖ ስላገኘው ሲመረምር ጉዱ ወጣ፤ ከመጽሐፉ የተሰረዘው ግን በ1947 ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱን ሕዝብ ከመቶ ዓመት በላይ በአፉ ሲያመላልሰው ኖሯል፤ ሌላውን አንድም ሰው ተናግሮት አያውቅም። ያልነበረው ቃል በክብር ተቀምጦ ሲኖር የተቆጣ አልተገኘም፤ የነበረው ቃል ግን «ይህ ቃል አይደለም» እየተባለ እስከ ዛሬ ይወገዛል። እንግዲህ «የለም» የሚለው ፍርድ ስለ ቃሉ የሚነግረን አንዳች ነገር የለም። ፍርዱ የሚያርፈው ተናጋሪው ላይ ነው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደተማረ፣ ቆዳው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ምን ሠርቶ እንደሚያድር፤ አንዱን አዲስ አነጋገር «ፈጠራ»፣ ሌላውን «ድንቁርና» የሚያሰኘው ይህ ነው። ቋንቋ ጠባቂ ነን የሚሉ ሰዎች፣ በእኛም አገር የሰው እንግሊዝኛ ለማረም የሚቸኩሉ ሁሉ፣ ይህን ልማድ ዕውቀት ይሉታል። እኔ ዕውቀት ነው ብዬ አልቀበለውም።

የእንግሊዝኛን ታሪክ ለአፍታ ገልጦ ያየ ሰው፣ እንዲህ ያሉ ፍርዶች ምን ያህል ደጋግመው እንደከሸፉ ይረዳል። ቤን ጆንሰን የሼክስፒር ዘመነኛና ተፎካካሪ ነበር። በ1601 ለመድረክ ባበቃው «ፖኤታስተር» በተባለ ተውኔት ውስጥ፣ አዳዲስ ቃል የሚያበዛ አንድ ገጣሚ መድኃኒት እንዲውጥ ይደረጋል፤ ከዚያ በተመልካች ፊት ቃላቱን አንድ በአንድ ያስመልሳቸዋል። ጆንሰን ለቋንቋው መርዝ ናቸው ብሎ ካስመለሳቸው ቃላት መካከል «ሪሲፕሮካል»፣ «ስትሬንየስ»፣ «ዲፈንክት»፣ «ክለምዚ» እና «ኮንሸስ» ይገኛሉ። የመጨረሻውን ልብ በሉ። ዛሬ በየትኛውም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሕመምተኛው «ኮንሸስ» መሆኑን ነው፤ ራሱን ያውቃል ወይ ለማለት። ከዚያው ዝርዝር ውስጥ «ኦብላትራንት» እና «ቱርጂደስ» የሚባሉት ደግሞ ሞተዋል፤ የሚያስታውሳቸው የለም። የትኛው እንደሚኖር፣ የትኛው እንደሚሞት በዚያ ዘመን ከነበሩት ሁሉ ስል ጆሮ የነበረው ጆንሰን እንኳ ሊለይ አልቻለም። የዛሬዎቹ አራሚዎች በምን ዐውቀው ይለዩታል?

ደራሲው ጆናታን ስዊፍትም እንዲሁ ነው። በ1710 «ሞብ» የሚለውን ቃል፣ የተቆጣ ሕዝብ ማለት ነው፣ ከረዥም የላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ነው ብሎ አወገዘው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ቋንቋውን አርሞ የሚያጸና ማኅበር እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ማኅበሩ አልተቋቋመም፤ «ሞብ» ግን አለ። በ1726 በታተመው የጉሊቨር መጽሐፉ «ሊሊፑት»ን እና «ያሁ»ን ከራሱ አእምሮ አውጥቶ ለቋንቋው የሰጠው ያው ስዊፍት ነው። ለራሱ የፈቀደውን ለመንገደኛው ከለከለ። አሜሪካዊው ቶማስ ጀፈርሰን «ቢሊትል» የሚለውን ግስ፣ ማሳነስ ወይም ማናናቅ ማለት ነው፣ ቨርጂኒያን በተመለከተ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ቢያስገባ፣ በ1787 የለንደን አንድ መጽሔት ይህ ደግሞ ምን ዓይነት አነጋገር ነው ብሎ ተሳለቀበት። ቃሉ ዛሬ የሚሳለቁትን ሰዎች ራሳቸውን ለመግለጽ ያገለግላል።

ስለ ሼክስፒር ጥቂት ልበል። ከሺህ በላይ ቃላት ፈጠረ እየተባለ በየትምህርት ቤቱ ይወደሳል። ቁጥሩ የተጋነነ ነው፤ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ምሳሌ ሲፈልጉ የሱን ተውኔቶች ከማንም ይበልጥ ስላገላበጡ፣ በዘመኑ ገበያና ወደብ ላይ ይነገር የነበረ ብዙ ቃል በሱ ስም ተመዘገበ። ሕዝብ የፈጠረው ለባለቅኔው ተቆጠረለት ማለት ነው። ሕዝቡ በዛሬ ዘመን ያንኑ ሲያደርግ ግን ቋንቋ አበላሽ ይባላል።

ስለ ተፈጠሩ ቃላት ይህን ያህል ካልሁ፣ የበለጠ ወደሚወገዘው ልለፍ፤ ተሳስተው ስለ ተሰሙና ስለ ተደበላለቁ አነጋገሮች። እዚህ ላይ የአራሚዎቹ ልብ ሙሉ ነው፤ አዲስ ቃልስ ይሁን፣ ያለውን አነጋገር ማጣመም ግን ሐሳብ አለመኖሩን ያሳያል ይላሉ። እስቲ ሙሽራውን እንይ። የእንግሊዝኛው «ብራይድግሩም» በጥንታዊው ቋንቋ «ብሪድጉማ» ነበር፤ «ጉማ» ሰው ወይም ወንድ ማለት ነው። «ጉማ» ብቻውን መነገሩ ቀረና ሰዎች ትርጉሙን አጡት። ትርጉም የሌለው ድምፅ በአፋቸው ማንከባለል ስላልፈለጉ በዘመኑ ብላቴና ወይም አሽከር ማለት በነበረው «ግሩም» ተኩት። በዛሬው መመዘኛ ይህ ሙልጭ ያለ ስሕተት ነው። ነገር ግን በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የአሥሩን ቆነጃጅት ምሳሌ የሚተርከው በዚሁ ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛ የተዳረ ወንድ ሁሉ የተጠራው በዚሁ ስሕተት ነው።

አተርም እንዲሁ። ቃሉ «ፒዝ» ነበር፤ ነጠላ ነበር። መጨረሻው ላይ ያለችው «ዝ» የብዙ ቁጥር ምልክት መስላ ስለተሰማች ሰው ቆርጦ ጣላትና «ፒ» የሚል ነጠላ ወጣለት። ሽርጥ «ናፕረን» ነበር፤ «አ ናፕረን» ሲባል «ን» ወደ ፊተኛው ቃል ተሳበችና «አን ኤፕረን» ሆኖ ቀረ። በፍቅር ክንፍ ያለን ሰው «ሄድ ኦቨር ሂልስ» ነው ይሉታል፤ ቃል በቃል ራሱ ከተረከዙ በላይ ሆኗል ማለት ነው። ራስማ ከተረከዝ በላይ የሚሆነው ሁላችንም ቀጥ ብለን ስንቆም ነው። አነጋገሩ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በተቃራኒው «ተረከዝ ከራስ በላይ» ነበር፣ የተገለበጠ ሰው ለማለት፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተገለበጠ። ትርጉሙ ከሥሩ ፈርሷል፤ ያልገባው ግን የለም። ታዲያ ያው አራሚ ይህን በደስታ እየተናገረ፣ አሜሪካዊው «ኩድንት ኬር ለስ» በማለት ፈንታ «ኩድ ኬር ለስ» ሲል ይቆጣል፤ አሉታው ስለወደቀ «ግድ የለኝም» የሚለው «ግድ አለኝ» ሆነ ይለዋል። ሰምቶ ግድ አለኝ ማለቱ ነው ብሎ የተረዳ አንድ ሰው ካለ ያምጣልኝ።

አሁን «ፎር ኦል ኢንቴንሲቭ ፐርፐዝስ» የሚሉትን ሰዎች አስቡ። ትክክለኛው «ፎር ኦል ኢንቴንትስ ኤንድ ፐርፐዝስ» ነው፤ «በተግባር ሲታይ» እንደማለት። ሐረጉ የተወለደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ «ኢንቴንት» የሚለው ቃል በብዙ ቁጥር ከሕግ መጻሕፍት ውጭ እምብዛም አይሰማም። በጆሮው ብቻ የተማረው ሰው የሰማውን ድምፅ ከሚያውቀው ቃል ጋር አገናኘና «ኢንቴንሲቭ» አለ፤ ጠንካራ፣ ጥልቅ የሆነ ዓላማ ሁሉ ብሎ ተረዳው። አልዛይመር የተባለውን የመርሳት ሕመም «ኦልድ ታይመርስ» የሚሉም አሉ፤ የአሮጌዎች፣ የጥንት ሰዎች ሕመም ማለት ነው። የጀርመናዊ ሐኪም ስም የማያውቅ ሰው ሕመሙ ማንን እንደሚይዝ ዐውቆ ስም አወጣለት። እነዚህ ሰዎች አሰቡ። ማሰባቸውን የሚያሳየውም ያው «ስሕተት» የተባለው ነገር ነው፤ ያላሰበ ሰው የማይገባውን ድምፅ እንደ በቀቀን ደግሞ ያልፋል።

በ2003 ሁለት የቋንቋ ሊቃውንት፣ ማርክ ሊበርማንና ጄፍሪ ፑለም፣ ለዚህ ዓይነቱ አነጋገር «ኤግኮርን» የሚል ስም አወጡለት። መነሻው አንዲት ሴት የባሉጥ ዛፍን ፍሬ፣ «ኤኮርን» የሚባለውን፣ «ኤግ ኮርን» ማለቷ ነው፤ ፍሬው እንቁላል ይመስላልና። ስሙ ዛሬ በታላላቆቹ መዝገበ ቃላት ገብቷል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ትክክል የተባለው «ኤኮርን» ራሱ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «አከርን» ነበር፤ ከእህል ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። የድሮ ሰዎች እህል ማለት የሆነው «ኮርን» የተሰማቸው መስሏቸው እንዲህ አድርገው ቀረጹት። ሴትዮዋ የታረመችው በሌላ ሴትዮ ስሕተት ነው፤ ልዩነቱ ያቺኛዋ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መሳሳቷ ብቻ ነው።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ የቃላት ታሪክ ነው፤ ጉዳት አለው ወይ የሚለኝ ይኖራል። አለው። «አስክ»፣ መጠየቅ ማለት ነው፣ የሚለውን ግስ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን «አክስ» ይሉታል፤ ይህም የመሃይምነት ማስረጃ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሥራ ያሳጣል። ሁለቱም አባባሎች ግን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ጀምሮ ጎን ለጎን ነበሩ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር «አክስ» ብሎ ጽፏል። በ1535 የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ የእንግሊዝኛ ኅትመት መጽሐፍ ቅዱስ፣ የከቨርዴል ትርጉም፣ ጌታ ለምኑ ይሰጣችኋል ያለበትን የማቴዎስ ምዕራፍ 7 ቁጥር የጻፈው በ«አክስ» ነው። ቅዱስ ቃል የተጻፈበት አባባል በጥቁር ሰው አፍ ሲገኝ ስሕተት ሆነ። ይህን ሰዋስው አልወሰነውም።

ከዚህም የከፋ አለ። በ2017 የሉዊዚያና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ጥቁር ተከሳሽ ያቀረበውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። ሰውዬው የተጠረጠረበት ወንጀል ከባድ ነው፤ ስለ ጥፋቱ የምከራከርለት ነገር የለኝም። ፖሊስ ሲመረምረው፣ እኔ ነኝ ብላችሁ ካሰባችሁ አላደረግሁትምና ለምን ጠበቃ አትሰጡኝም አለ፤ ከ«ሎየር» ቀጥሎ «ዶግ» የሚል ቃል ጨመረ። «ዶግ» በዚያ አነጋገር «ወንድሜ»፣ «አንተ ሰው» እንደማለት ነው፤ በእኛ አገር ወጣቶች ንግግራቸውን «ባክህ» ብለው እንደሚዘጉት። በአሜሪካ ሕግ ተጠርጣሪ ጠበቃ በግልጽ ከጠየቀ ምርመራው መቆም አለበት። አንድ ዳኛ ለውሳኔው በጻፉት ተጨማሪ ሐተታ ግን ተከሳሹ «ሎየር ዶግ» ማለቱ አሻሚ ስለሆነ ጠበቃ ጠየቀ ሊባል አይችልም አሉ። «ካሰባችሁ» የሚለው አነጋገርም ጥርጣሬ እንዳሳደረባቸው ይታያል፤ ቢሆንም «ሎየር ዶግ» ውሻ የሆነ ጠበቃ የተጠየቀ በሚያስመስል መልክ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ሰፈረ። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ማንም ሰው ምን እንዳለ አልጠፋውም። መግባባት የተበላሸው በተናጋሪው አይደለም፤ የሰማውን እንዳልሰማ ሊያደርግ በፈለገው ሰው ነው።

የቋንቋ ብክለት የሚያስቆጣው ሰው ቁጣውን የት ቢያደርሰው ይሻል ነበር? «ኮላተራል ዳሜጅ» የሚል ሐረግ አለ፤ በቦምብ ያለቁ ሲቪሎችን «ተጓዳኝ ጉዳት» የሚል። «ኤንሃንስድ ኢንተሮጌሽን» አለ፤ ማሰቃየትን «የተሻሻለ ምርመራ» የሚል። ሰዋስዋቸው እንከን የለሽ ነው፤ አንድም ፊደል አልተዛነፈባቸውም። የተጻፉትም ጥሩ ትምህርት ቤት በሄዱ ሰዎች ነው። «ኢሪጋርድለስ» ያለ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ እነዚህ ግን እንዳይታወቅ ሆነው የተሠሩ ናቸው።

ተቃዋሚዎቼ ከሚያነሷቸው ሁሉ የሚከብደኝ አንድ ክርክር አለ፤ ሥርዓት ካልተጠበቀ ነገ አንዱ የሌላውን አይሰማም የሚለው። ውል ላይ፣ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ፣ አብራሪና የበረራ ተቆጣጣሪ ሲነጋገሩ ይህ እውነት ነው፤ እዚያ ላይ ጥብቅ መሆን ግዴታ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ማስረጃው ሌላ ይላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች አስፓራገስ የተባለውን አትክልት «ስፓሮው ግራስ» ይሉት ነበር፤ የድንቢጥ ሣር። በ1791 የአነባበብ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ጆን ዎከር «አስፓራገስ» ማለት መመጻደቅ ይመስላል እስከማለት ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተማሩት ሰዎች ቃል ተመልሶ አሸነፈ። በዚህኛው እነሱ ረቱ፤ ይሁንላቸው። አትክልቱ ግን በሁለቱም ስም ገበያ ወጣ፣ ተገዛ፣ ተበላ።

ወደ እኛው ልመለስ፤ ይህ ጉዳይ የሚነካን ለዚህ ነውና። ሁለተኛ ደረጃና ዩኒቨርሲቲ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። «ሰባራ እንግሊዝኛ» እያልን እርስ በርስ የምንተራረበው፣ ቋንቋው አፍ የፈታንበት ባለመሆኑ ራሳችንን ከባለቤቶቹ በላይ ጠባቂ ስላደረግን ነው። አንድ አትሌት አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጦ ዓለምን ያሸንፍና ላቡ ሳይደርቅ በሦስተኛ ቋንቋው ማይክሮፎን ይቀርብለታል፤ ማታ በየስልኩ የሚዞረውና የሚሳቅበት እንግሊዝኛው ነው። ጋዜጠኛው ጥያቄውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ መጠየቅ አለመቻሉ ማንንም አላሳፈረም።

አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የአገራችንን እናቶች የሚያውቅ ሰው ሌላም ያውቃል። ልጆቻቸው ቤት ውስጥ እየሳቁ ያርሟቸዋል። ወላጅና መምህር በሚገናኙበት ቀን ብዙ የሚሉት እያላቸው «አንተ ተናገር» ብለው ልጁን ያስቀድማሉ፤ ልጁም ስለ ራሱ ጥፋት አስተርጓሚ ይሆናል። መምህሯ ብትሰማቸው ኖሮ በደንብ ትረዳቸው ነበር።

«ኮፕ አፕ ዊዝ» የሚለውን አነጋገር በቅርብ እንየው። በመመረቂያ ጽሑፎቻችን፣ በፕሮጀክት ፕሮፖዛሎችና በመሥሪያ ቤት ሪፖርቶች ውስጥ ሞልቷል፤ ገበሬዎች ድርቅን፣ ሠራተኞች የኑሮ ውድነትን እንዴት እንደሚቋቋሙ ለመግለጽ። በለንደኑ ልማድ «ኮፕ ዊዝ» ነው፤ «አፕ» አያስፈልገውም። ከየት መጣ? እኩል መራመድ፣ ወደ ኋላ አለመቅረት ማለት ከሆነው ከ«ኪፕ አፕ ዊዝ» ጋር ተቀላቅሎ ነው። ሕንዶችም ይሉታል። ድርቅን የሚቋቋም ገበሬ የሚያደርገው ሁለቱንም ነው፤ ይችለዋልም፣ ላለመቅረትም ይሮጣል። «ዲስከስ አባውት» ስንልም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዞች «ቶክ» ለሚለው ግስ «አባውት»ን ሰጥተው «ዲስከስ»ን ነፈጉት፤ እኛ ስለ አንድ ነገር የሚወያይ ሰው «ስለ»ን ይፈልጋል ብለን ሞላንለት። ናይጄሪያውያን «ኔክስት ቱሞሮው» ይላሉ፤ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ቀን የነበረውን አንድ ቃል ጥሎ ረዥም ሐረግ ስለሚጎትት፣ እነሱ የጎደለውን ሠሩ። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በጃንዋሪ 2020 ከሌሎች የናይጄሪያ አነጋገሮች ጋር መዘገበላቸው። ናይጄሪያውያን መዝገቡ እስኪፈቅድላቸው አልጠበቁም፤ ሲናገሩት ኖረዋል።

ተማሪ ለፈተና የሚፈለገውን አጻጻፍ አይማር አላልሁም፤ ይማር። መምህሩ ግን «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» አይበለው፤ ሐሰት ነውና። «ይህ በዴሊም በአዲስ አበባም ይባላል፣ ይገባልም፤ የውጭ ፈታኝ ግን ነጥብ ይቀንስብሃል፣ ስለዚህ እዚያ ይህንን ጻፍ» ይበለው። ያኔ ተማሪው የሚያውቀው ደንቡን ብቻ ሳይሆን ደንቡ የማን እንደሆነም ጭምር ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ገምጋሚም «አፕ» ላይ ከማስመሩ በፊት ጽሑፉ ያቀረበውን ነገር ይጠይቅ፤ ገበሬዎቹ ድርቁን በምን ተቋቋሙት፣ ስንቶቹ ተጠየቁ፣ እንዴት ተመረጡ፣ ያልቻሉትስ የት ሄዱ? በየገጹ መስተዋድዱ ብቻ በቀይ ተከብቦ፣ ስለ ናሙናው አመራረጥ አንዲት ጥያቄ ሳይነሣ ያለፈ ጽሑፍ በእጄ ገብቶ አይቻለሁ። ቀይ ያደረገው መምህር ሥራውን እንደሠራ ያምናል፤ እኔ ደግሞ ሥራው ገና አልተጀመረም እላለሁ።